የአርክቲክ በረዶ፣ ጨው አልባ ውኃና የእኛ ክረምት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ገጽ ያዘጋጀነው በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከሱሉልታና ከቡራዩ እስከ ሰበታና ለገጣፎ፣ ላሉ የጂኦግራፊና የፊዚክስ መምህራን፣ ለሳይንስ ክበብ ልጆች፣ እንዲሁም «ዘንድሮ ዝናቡን ምን ነካው?» ለሚሉ አርሶ አደሮች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለክፍል የሚሆን ሙከራ ብቻ የሚፈልግ መምህር «በክፍል ውስጥ እንዴት ላሳየው?» ወደሚለው ይዝለል።

እዚህ ደጋ ላይ ተቀምጠን አርክቲክ ምን አገባን?

የዝናባችን ቀበቶ ወደ ሰሜን እስከ የት እንደሚወጣ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በሰሜኑና በደቡቡ የምድር ክፍል መካከል ያለው የሙቀት ሚዛን ነው። ሞቃት ውኃ ወደ ሰሜን አትላንቲክ የሚያጓጉዘው የውቅያኖስ ዝውውር ያንን ሚዛን ይይዛል። ዝውውሩ ደግሞ ከአርክቲክ በሚወጣው ጨው አልባ ውኃ ይነካል። ግንኙነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በአሥርና በመቶ ዓመታት የሚታይ እንጂ የዘንድሮን ሰኔ የሚወስን አይደለም።

የባሕር በረዶና የግሪንላንድ በረዶ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። የባሕር በረዶ ራሱ የባሕሩ ውኃ ቀዝቅዞ የሚፈጠር፣ ውፍረቱ ጥቂት ሜትር የሆነ ተንሳፋፊ ነው። የግሪንላንዱ በሺህ ዓመታት የተከማቸና የተጨመቀ የመሬት በረዶ ሲሆን ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የመጀመሪያው ቢቀልጥ የባሕር ወለልን ከፍ አያደርግም ማለት ይቻላል፤ ቀድሞውኑ ተንሳፎ ክብደቱን ባሕሩ ላይ አሳርፏል። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን ባሕር ከ7 ሜትር በላይ ያነሳል። የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፦ ሁለቱም ሲቀልጡ በባሕሩ ገጽ ላይ ጨው አልባ ውኃ ይለቃሉ።

የባሕር ውኃ በረዶ ሲሆን ጨው የት ይሄዳል?

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንሄድበታለን።

አንድ ኪሎ ግራም የውቅያኖስ ውኃ በአማካይ 35 ግራም ጨው ይይዛል። በዚህ ምክንያት በረዶ የሚሆነው በ0 ሳይሆን ከ0 በታች 1.8 ዲግሪ ላይ ነው። የበረዶ ክሪስታል ሲሠራ የውኃ ሞለኪውሎች ተደርድረው ይቆለፋሉ፤ በዚያ ድርድር ውስጥ ለጨው ቦታ የለም። ጨው ይገፋል፣ በክሪስታሎቹ መካከል በተቀሩ ጥቃቅን ኪሶች ውስጥ እጅግ የጨወየ ውኃ ሆኖ ይታጎራል፣ ከዚያም በቀጫጭን ቦዮች አድርጎ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ስለዚህ ገና የተፈጠረ በረዶ በኪሎ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ጨው ሲኖረው፣ የዋልታውን ክረምት (የእኛ የዝናብ ወቅት ሳይሆን የሰሜኑ ቀዝቃዛ ወራት) ያሳለፈው ወደ 5 ይወርዳል፤ በጋውን ተሻግሮ ዓመታት የቆየው ደግሞ ከ3 በታች ይሆናል። የዋልታ ተጓዦች አሮጌ የባሕር በረዶ አቅልጠው ይጠጡ የነበረው ለዚህ ነው።

ያ የተንጠባጠበው ጨዋማ ውኃ ከባድ ነው፤ ይሰምጣል። ነፋስ በረዶውን ከባሕር ዳር እየገፋ ውኃውን በሚገልጥባቸው ቦታዎች በረዶ ይሠራል፣ ይገፋል፣ እንደገና ይሠራል፤ ከሥሩ የሚወርደው ጨዋማ ውኃም ክረምቱን ሙሉ አይቋረጥም።

አሁን በረዶው ራሱ ወዴት እንደሚሄድ እንይ። በሳይቤሪያ ዳርቻ የተፈጠረው በነፋስና በሞገድ ተነድቶ የዋልታውን አካባቢ ያቋርጥና በግሪንላንድና በስቫልባርድ (ከኖርዌይ በስተ ሰሜን ባሉ ደሴቶች) መካከል ባለው የፍራም ሰርጥ በኩል ይወጣል። ኖርዌጂያዊው ፍሪድትዮፍ ናንሰን ይህን ያረጋገጠው መርከቡን ፍራምን በ1893 ከሳይቤሪያ በስተ ሰሜን ሆን ብሎ በረዶ ውስጥ አስቆልፎ ነው፤ መርከቧ ያለ ሞተር ተንሳፍፋ በ1896 በስቫልባርድ በኩል ወጣች። ሰርጡ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። በረዶው ከሰርጡ ወጥቶ በግሪንላንድ ባሕር ሲቀልጥ ጨው አልባውን ውኃ እዚያ ያራግፋል፤ ጨው ግን ሳይቤሪያ ዳርቻ ቀርቷል። በሌላ አነጋገር የባሕር በረዶ ጨውንና ውኃን ለያይቶ ሺህ ኪሎ ሜትሮች የሚያራርቅ ማጓጓዣ ነው።

ታዲያ ጨው ከውቅያኖስ ዝውውር ጋር ምን ያገናኘዋል?

ውኃ የሚሰምጠው እፍግታው ሲጨምር ነው፤ ማለትም አንዱ ሊትር ከሌላው ሊትር ሲከብድ። እፍግታን ሁለት ነገሮች ይጨምራሉ፦ ቅዝቃዜና ጨው። በሞቃት ባሕር ሁለቱም ጉልበት አላቸው። ወደ 0 ዲግሪ በቀረበ ውኃ ግን ቅዝቃዜ ጉልበቱን ያጣል። እዚያ በኪሎ 1 ግራም ጨው መቀነስ የሚያመጣውን መቅለል ለማካካስ ውኃው ከ10 ዲግሪ በላይ መቀዝቀዝ ይኖርበታል፤ ያን ያህል ሳይቀዘቅዝ ደግሞ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ በሰሜኑ ጫፍ የሚሰምጠውንና የማይሰምጠውን የሚለየው ጨው ነው። «ቀዝቃዛ ውኃ ይሰምጣል» ብሎ ብቻ የሚያስተምር መጽሐፍ ግማሹን ነው የነገራችሁ።

ከሐሩር አካባቢ የሚመጣው የአትላንቲክ ውኃ በትነት ጨዋማ ሆኗል። በኖርዌይ፣ በግሪንላንድና በላብራዶር ባሕሮች ሙቀቱን ለነፋሱ ሲሰጥ ቀዝቃዛም ጨዋማም ይሆናል፤ ይሰምጣል፤ በጥልቁም ወደ ደቡብ ይመለሳል። ይህ ዑደት በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አሞክ ይባላል። ከ2004 ጀምሮ በ26.5 ዲግሪ ሰሜን፣ ከባሃማስ እስከ አፍሪካ ዳርቻ በተተከሉ መሣሪያዎች ያለማቋረጥ ይለካል፤ አማካዩ በሰከንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ዓባይ በሱዳን ድንበር በዓመት አማካይ በሰከንድ 1,500 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈሳል፤ ስለዚህ ከአሥር ሺህ ዓባይ በላይ ማለት ነው።

በሚሰምጥበት ቦታ ላይ ጨው አልባ ውኃ ከተነጠፈ ገጹ ይቀልላል፤ የክረምቱ ቅዝቃዜ ቢበረታም ውኃው አይወርድም። የከፋው ደግሞ ጉዳዩ ራሱን የሚያባብስ መሆኑ ነው፦ ዑደቱ ሲዳከም ከደቡብ የሚመጣው ጨው ይቀንሳል፣ ጨው ሲቀንስ ዑደቱ ይበልጥ ይዳከማል። አሜሪካዊው የውቅያኖስ ተመራማሪ ሄንሪ ስቶመል ይህን በ1961 በሁለት ሣጥን ብቻ በተሠራ የሒሳብ ሞዴል አሳይቷል። የዛሬ ግዙፍ ኮምፒውተሮች የሚከራከሩት ስለ ፍጥነቱና ስለ ወሰኑ እንጂ ስለ ሐሳቡ አይደለም።

ጨው አልባው ውኃ ሁልጊዜ መጥፎ ነው?

የለም። በአርክቲክ ውስጥ የላይኛው ጥቂት አሥር ሜትር ውኃ ቀዝቃዛና ጨው ያነሰው ነው፤ ከሥሩ፣ ከ150 ሜትር ገደማ ጀምሮ፣ ከአትላንቲክ የገባ፣ ከ0 በላይ የሆነ ሞቃትና ጨዋማ ውኃ አለ። ያ ሙቀት ወደ ላይ ቢወጣ በረዶውን ያቀልጠዋል። እንዳይወጣ የሚያግደው በመካከል ያለው ጨው በጥልቀት በፍጥነት የሚጨምርበት ንብርብር ነው፤ ለበረዶው እንደ ጋቢ ያገለግለዋል፣ ሙቀቱን ግን ከውጭ ነው የሚከላከልለት። ያው ውኃ አርክቲክ ውስጥ በረዶን ያቆያል፣ ወደ ግሪንላንድ ባሕር ሲፈስ ግን የውኃ መስመጥን ያግዳል። ጥፋቱም ጥቅሙም የቦታ ጉዳይ ነው።

ይህ ሁሉ ውኃ ከየት ይመጣል?

ከወንዞች በብዛት። ኦብ፣ የኒሴይ፣ ሌና እና ማከንዚ ወደ አርክቲክ ይገባሉ። አርክቲክ ከዓለም ውቅያኖስ ውኃ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ይዞ ከወንዞች ፍሰት ከ10 በመቶ በላይ ይቀበላል። በቤሪንግ ሰርጥ ጨው ያነሰው የፓስፊክ ውኃ ይጨመራል፤ ዝናብ፣ የሚቀልጥ የባሕር በረዶና የግሪንላንድ ቅላጭም (ከበረዶ የቀለጠ ውኃ) አሉ።

የሚጠራቀመው ደግሞ ከአላስካና ከካናዳ በስተ ሰሜን ባለው የቦፎርት አዙሪት ነው። በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረው ነፋስ የላይኛውን ውኃ ወደ መሐል ይሰበስበዋል። እዚያ የተከማቸው ጨው አልባ ውኃ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር ኩብ በላይ ነው፤ የህዳሴ ግድብ ሲሞላ 74 ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ክምችቱ በእጅጉ ጨምሯል። ነፋሱ ሲለሳለስ ወይም ሲገለበጥ አዙሪቱ ይለቃል፤ ባለሙያዎች ዓይናቸውን ያልነቀሉበት ለዚህ ነው።

በክፍል ውስጥ እንዴት ላሳየው?

ከወጪ አንጻር ከዚህ የረከሰ ሙከራ የለም። የሚያስፈልጉት፦ አፋቸው በመቀስ የተቆረጠ ሁለት ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙሶች፣ ጨው፣ አንድ ቀይ ሥር፣ የበረዶ መሥሪያ ትሪና ማቀዝቀዣ።

በዋዜማው ቀይ ሥሩን ፍቀው ይጭመቁት። አንድ ማንኪያ ጭማቂ በአሥር ማንኪያ ውኃ በጥብጠው በትሪው ያቀዝቅዙት። ሳያቀጥኑ አይጠቀሙበት፤ የቀይ ሥር ጭማቂ ስኳር ስላለው ብቻውን ከጨው ውኃውም ሊከብድ ይችላል። ያን ጊዜ ቀይ ቀለሙ ጨዋማው ውስጥ ሰምጦ ትምህርቱን ይገለብጠዋል። ብዙ ሰው «ሙከራው አልሠራም» የሚለው በዚህ ነው።

በማግስቱ በእያንዳንዱ ጠርሙስ 1 ሊትር ውኃ ያድርጉ። በአንደኛው 35 ግራም ጨው ይጨምሩ፤ ሁለት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። የአፍዴራ ጨው ድቡልቡል ከሆነ ይውቀጡት ወይም ለብ ባለ ውኃ ያሟሙት። ከሥር ያልሟሟ ጨው ከቀረ ታችኛው ውኃ ብቻ ይከብድና የላይኛው ከተራ ውኃ አይለይም። ለብ ባለ ውኃ ካሟሙት ደግሞ ሁለቱ ጠርሙሶች እኩል የክፍል ሙቀት እስኪኖራቸው ይጠብቁ፤ አለዚያ ልዩነቱ ከጨው ይሁን ከሙቀት አይታወቅም።

ሳያማስሉ፣ ውኃው ጸጥ ካለ በኋላ፣ እኩል መጠን ያለው አንድ አንድ ቀይ በረዶ በቀስታ ያስቀምጡ። በተራው ውኃ ውስጥ ቀይ ክሮች ከበረዶው ሥር ተነሥተው ቀጥ ብለው ወደ ታች ሲወርዱ ይታያሉ፤ ቅላጩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ከአካባቢው ይከብዳል። በጨዋማው ውስጥ ቀዩ በገጹ ላይ ተነጥፎ ይቀራል። ከዚያ ተማሪዎችን «የትኛው ቀድሞ ይቀልጣል?» ብለው ያስገምቱ። አብዛኛው «ጨዋማው» ይላል። ቀድሞ የሚያልቀው ግን ተራው ውኃ ውስጥ ያለው ነው፦ እዚያ ቅላጩ ስለሚወርድ አዲስ ሞቃት ውኃ በረዶውን ይነካዋል፤ ጨዋማው ውስጥ ግን በረዶው በራሱ ቀዝቃዛ ቅላጭ ተከብቦ ይቆያል።

ለሱሉልታና ለእንጦጦ ሥር ትምህርት ቤቶች አንድ ማሳሰቢያ፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያደረ ውኃ 10 ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይችላል። ተራ ውኃ ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ስለሆነ በ10ና በ0 ዲግሪ መካከል ያለው የእፍግታ ልዩነት ከቁብ አይገባም፤ ቀይ ክሮቹም ሰንፈው ይበታተናሉ። ሙከራውን ከሰዓት በኋላ ያድርጉት፣ ወይም ሁለቱንም ጠርሙሶች ፀሐይ ላይ አቆይተው ወደ 20–25 ዲግሪ ያድርሷቸው። መብራት የሚጠፋበት አካባቢ ከሆነ በረዶውን ከአንድ ቀን በላይ አስቀድመው አይሥሩ፤ በከፊል ቀልጦ ዳግም የቀዘቀዘ ኩብ ቀለሙ ወደ አንድ ወገን ስለሚሰበሰብ መጠኑም ቀለሙም እኩል አይሆንም።

ጊዜ ከተረፈ፣ የጨዋማውን ጠርሙስ ገጽ በስትሮ ከጎን ንፉበት። ቀስ ብለው ሲነፉ ቀዩ ንብርብር ይንቀሳቀሳል እንጂ አይደባለቅም፤ በኃይል ሲነፉ ይደባለቃል። በረዶ የለበሰ ባሕርና የተገለጠ ባሕር ለነፋስ የሚሰጡት ምላሽ ለምን እንደሚለያይ ለማስረዳት ይህ በቂ ነው።

ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል?

አዎ፣ በትንሹም በትልቁም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከወትሮው የበዛ በረዶና ጨው አልባ ውኃ በፍራም ሰርጥ ወጥቶ ሰሜን አትላንቲክን ከአሥር ዓመት በላይ ዞረ፤ ትርፉ 2,000 ኪሎ ሜትር ኩብ ገደማ እንደነበር ይገመታል። በ1969 እና በ1971 መካከል ባሉት ክረምቶች በላብራዶር ባሕር ጥልቅ የውኃ መስመጥ ተቋርጦ ነበር።

ትልቁ ምሳሌ የበረዶ ዘመኑ ማብቂያ ነው። ብዛት ያላቸው የበረዶ ተራሮች ወደ ሰሜን አትላንቲክ ፈሰው ሲቀልጡ ዑደቱ በእጅጉ ደከመ፤ ሰሜኑ ቀዘቀዘ፣ የዝናብ ቀበቶው ወደ ሞቃቱ ደቡብ ሸሸ። በዚያው ዘመን፣ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ጣና ደርቆ ነበር። ከሐይቁ ወለል በተወሰደው የደለል ናሙና ግርጌ የደረቀ ጠንካራ ደለል፣ ከላዩ የረግረግ ዕፅዋት ቅሪት፣ ከዚያ በላይ የሐይቅ ጭቃ ተገኝቷል። ዝናቡ ሲመለስ ጣና ሞልቶ ወደ ዓባይ ማፍሰስ ጀመረ። ይህ ማለት ጣና ነገ ይደርቃል ማለት አይደለም፤ ያን ጊዜ ምድር በሙሉ ቀዝቃዛ ነበረች፣ የፈሰሰው በረዶም ከዛሬው ጋር አይወዳደርም። የሚያሳየው አቅጣጫውን ነው።

ዘንድሮ ክረምቱ የተዛባው አርክቲክ ስለቀለጠ ነው?

እንዲህ ብሎ መናገር ስሕተት ነው፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ግን በየዓመቱ ይዞራል። ከዓመት ዓመት ክረምታችንን ይበልጥ የሚያወላውለው የፓስፊክ ውኃ ሙቀት ነው። ኤል ኒኞ ሲጠነክር ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ይቀንሳል፤ የ2015ቱ ድርቅ ምስክር ነው። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የሕንድ ውቅያኖስ ሚና ይጎላል። ጤፍ መዝሪያውን ወይም የሣር ማጨጃውን የሚወስን የሱሉልታ አርሶ አደር የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩትን የወቅት ትንበያ ይከታተል እንጂ የዋልታውን ካርታ አይይ። የአርክቲኩ ጉዳይ ለሚቀጥለው ትውልድ ግድብና መስኖ ለሚያቅድ ሰው ነው።

በረዶው በእርግጥ ምን ያህል ቀንሷል? በምንስ ይለካል?

ከ1978 መጨረሻ ጀምሮ ሳተላይቶች ከገጹ የሚወጣውን ማይክሮዌቭ ይለካሉ፤ ሌሊትም ደመናም አያግዳቸውም። በ1980ዎቹ በመስከረም የሚቀረው በረዶ 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ፤ ይህ እስካሁን ዝቅተኛው ነው፣ የኢትዮጵያን ሦስት እጥፍ ያህል ስፋት። በመጋቢት የሚደርሰው የክረምቱ ከፍታም እየወረደ ሲሆን በ2025 14.3 ሚሊዮን ላይ ቆሟል።

ቁጥሮቹን ስታነቡ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ «ስፋት» ሲባል ቢያንስ 15 በመቶው በረዶ የሆነ የካርታ ካሬ ሙሉ ተቆጥሮ ነው፤ እውነተኛው በረዶ የሸፈነው ከዚያ ያንሳል። ሁለተኛ፣ በበጋ በበረዶው ላይ የሚቋጠረው የቅላጭ ኩሬ ለሳተላይቱ ክፍት ባሕር ይመስለዋል። የሁለት ተቋማት ቁጥር ሳይገጥም ቢቀር መነሻው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

አርክቲክ ለምን ከሌላው ቦታ ፈጥኖ ይሞቃል?

አመዳይ (ከሰማይ የሚወርድ ነጭ በረዶ) የለበሰ የባሕር በረዶ ከፀሐይ ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ ይመልሳል፤ የተገለጠ ባሕር ከ90 በመቶ በላይ ይውጣል። ብቸኛው ምክንያት አይደለም፣ ትልቁ ግን አንዱ ነው። ከ1979 ወዲህ አካባቢው ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል።

አሞክ ይቆማል?

የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ፓነል በ2021 ሪፖርቱ በዚህ ክፍለ ዘመን የመዳከሙ ዕድል እጅግ ከፍተኛ እንደሆነ፣ ከ2100 በፊት በድንገት ይቆማል ብሎ ግን እንደማይጠብቅ ገልጿል፤ ለሁለተኛው የሰጠው እርግጠኝነት መካከለኛ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀደም ብሎ ሊቆም ይችላል ያሉ ጥናቶች ወጥተዋል፣ አጥብቀው የሞገቷቸውም አሉ።

ለመመዘን አንድ ስሌት ይረዳል። ግሪንላንድ ከ2002 ወዲህ በዓመት 270 ቢሊዮን ቶን ገደማ በረዶ እያጣች ነው፤ ሲካፈል በሰከንድ 8,500 ሜትር ኩብ ይሆናል። ተመራማሪዎች ዑደቱን ለመፈተን በሞዴል ላይ የሚያፈሱት ብዙ ጊዜ በሰከንድ 100 ሺህ ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ «በሞዴል ቆመ» የሚል ዜና ስታዩ መጀመሪያ ስንት ውኃ እንደተጨመረ ፈልጉ። በሌላ በኩል ደግሞ በ2009 እና በ2010 ዑደቱ ለአንድ ዓመት ገደማ በ30 በመቶ ወርዶ ተመልሷል፤ ማንም አስቀድሞ አልተነበየውም። የሃያ ዓመት ልኬት እንዲህ ያለውን የተፈጥሮ መዋዠቅ ከረጅም ጊዜ መዳከም ለመለየት አጭር ነው።

ተማሪዎቼ መረጃውን ራሳቸው ማየት ይችላሉ?

ይችላሉ፣ በነጻ። የአሜሪካ ብሔራዊ የበረዶ መረጃ ማዕከል የባሕር በረዶውን ስፋት በየቀኑ በግራፍ ያወጣል። ገጹ ቀላል ስለሆነ በስልክ ይከፈታል፤ ኔትወርክ ደካማ ከሆነ ምስሉን አንድ ጊዜ አውርዶ ማተም ይበቃል። የ2012ን መስመር ከዘንድሮው ጋር አወዳድሩ። የዕለት ቁጥር ወደ ኋላ ሊታረም ስለሚችል የአንድ ቀን መውረድን አትቁጠሩ፤ የአምስት ቀን አማካዩን ተጠቀሙ። ዝቅተኛው ነጥብ የሚገኘው በመስከረም አጋማሽ፣ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሳምንት አካባቢ ነው፤ ለመጀመሪያው የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ይደርሳል።